የእንቅስቃሴ ተሐድሶ ሕክምና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ያለው አካላዊና ሥነ ልቦናዊ ውጤት

አጠቃሎ

የእንቅስቃሴ ተሐድሶ ሕክምና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የመራመድ አቅም ይጨምራል፤ የትንፋሽ ማጠርንና ድካምን ይቀንሳል፤ ጭንቀትንና ድባቴንም ያቀላል። ይሁን እንጂ በስፓይሮሜትሪ የሚለካው የሳንባ አሠራር በሕክምናው ምክንያት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። ይህ አጭር ጽሑፍ እርስ በርሱ የሚቃረን የሚመስለውን የዚህን ውጤት ምክንያት ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የሕመምተኛው አቅም ማጣት የሚመነጨው ከተጎዳው ሳንባ ብቻ ሳይሆን ከእንቅስቃሴ ርቆ ከደከመው ጡንቻና ከትንፋሽ ማጠር ፍርሃት ጭምር ነው፤ አካላዊውና ሥነ ልቦናዊው ውጤትም በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ በመሆናቸው አብረው ሊታከሙና አብረው ሊለኩ ይገባል። በመጨረሻም ይህ ድምዳሜ በኢትዮጵያ ለሚደረግ ሕክምናና ምርምር ያለው ትርጉም ይቀርባል።

1. መግቢያ

ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው በማግስቱ ደረጃውን ይተወዋል። ቀጥሎ ገበያውን፣ ከዚያም ጎረቤቱን፣ በመጨረሻም ግቢውን ይተዋል። ይህን የሚያደርገው በስንፍና ሳይሆን ትንፋሽ ማጠር ከሰው ልጅ ስሜቶች ሁሉ እጅግ አስፈሪ ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ ነው። ቤተሰቡም በፍቅር ያግዘዋል፤ ውኃ ይቀዳለታል፣ ዕቃ ይሸከምለታል፣ «ራስህን አታድክም» ይለዋል። ለዓመታት በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ ስታበስል ኖራ ሳንባዋ የተጎዳ እናትም ከልጆቿ የምትሰማው «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» የሚለውን ነው። ምክሩ የመልካም ልብ ምክር ነው። ሆኖም ያለፉት አራት ዐሥርት ዓመታት ምርምር እንዳሳየው፣ ሕመሙ ለተረጋጋ ሰው የዘወትር ዕረፍት የሚጎዳ እንጂ የሚጠቅም አይደለም።

ሥር ከሰደዱ የሳንባ ሕመሞች መካከል በስፋት የተጠናው በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ሲኦፒዲ ተብሎ የሚጠራው የአየር ቧንቧዎች ዘላቂ መጥበብ ነው። ሕመሙ የሚረጋገጠው በስፓይሮሜትሪ ሲሆን፣ ሕመምተኛው ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ በአንደኛው ሰከንድ በኃይል የሚያወጣው አየር በሙሉ ኃይሉ ከሚያወጣው ጠቅላላ አየር ጋር ሲነጻጸር ከ0.70 በታች ሆኖ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2019 ሲኦፒዲ ለ3.23 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በታች ሆኖ በዚህ ሕመም ከሚሞቱት ሰዎች ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእንቅስቃሴ ተሐድሶ ሕክምና ማለት ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አቅም ተመጥኖ የሚሰጥ፣ በባለሙያ ክትትል የሚካሄድ፣ ከትምህርትና ከባሕርይ ለውጥ ድጋፍ ጋር የተቀናጀ የአካል እንቅስቃሴ መርሐ ግብር ነው። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበርና የአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ማኅበር በ2013 ባወጡት የጋራ መግለጫ የሕክምናው ዓላማ የሕመምተኛውን አካላዊም ሥነ ልቦናዊም ሁኔታ ማሻሻል መሆኑን በግልጽ አስፍረዋል። ስለዚህ ሁለቱን ውጤቶች በአንድነት መመርመር ከትርጓሜው ራሱ የሚመነጭ ነው።

2. ከዕረፍት ወደ እንቅስቃሴ፦ አጭር የታሪክ ዳራ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የሳንባ ሕሙማን ዋነኛ መድኃኒት ዕረፍት እንደሆነ ይታመን ነበር። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቻርልስ ዴኒሰን በ1895 ለሳንባ ሕሙማን ስለሚሆን እንቅስቃሴና ምግብ መጽሐፍ ቢያሳትምም፣ ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም። በ1952 አልቫን ባራክና ባልደረቦቹ ኦክስጅን እየተሰጣቸው እንቅስቃሴ ያደረጉ ሕሙማን የመራመድ አቅማቸው ደረጃ በደረጃ መሻሻሉን አስተውለው፣ ለውጡን ስፖርተኞች በልምምድ ከሚያገኙት ጥንካሬ ጋር አመሳሰሉት። ያም ሆኖ ለብዙ ዓመታት የጸናው ጥርጣሬ የሚከተለው ነበር፦ ሕመምተኛውን የሚያቆመው ሳንባው ከሆነና ሳንባው ካልተለወጠ፣ ልምምድ ምን ሊፈይድ ይችላል?

ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱ የተገኘው ግን ከሳንባ ሳይሆን ከእግር ጡንቻ ነው።

3. አካላዊ ውጤት

3.1 የአሠራሩ ሰንሰለት

የሲኦፒዲ ሕመምተኛ አየር የማስገባት ችግር ብቻ ያለበት ይመስላል፤ ዋናው ችግር ግን አየር ማስወጣት ነው። የጠበበው ቧንቧ አየሩ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ሰውየው ሲንቀሳቀስ አተነፋፈሱ ይፈጥናል፤ የማስወጫው ጊዜ ያጥራል፤ ያልወጣው አየር በሳንባ ውስጥ እየተጠራቀመ ሳንባው ከመጠን በላይ ይነፋል። በተነፋ ሳንባ ላይ ተጨማሪ አየር ማስገባት ሞልቶ የቀረበ ከረጢትን እንደመሙላት ነው፤ ጥረቱ ይበዛል፣ የሚገባው አየር ግን ያንሳል። ሕመምተኛው «አየር አልገባልኝም» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

በሌላ በኩል፣ ከእንቅስቃሴ የራቀ የጭን ጡንቻ ይሰልላል። በኦክስጅን የመሥራት አቅም ያላቸው፣ ድካምን የሚቋቋሙ የጡንቻ ቃጫዎች ድርሻ ይቀንሳል፤ የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይሞች ሥራም ይዳከማል። በዚህ ምክንያት ሰውየው ቀላል ሥራ ሲሠራ እንኳ ጡንቻው ቶሎ ላክቴት ያመርታል። የላክቴት መብዛት በደም ውስጥ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፤ ይህን ለማስወጣት ሰውነቱ ይበልጥ ፈጥኖ እንዲተነፍስ ይገደዳል። ፈጥኖ መተንፈስ ደግሞ ከላይ እንደተገለጸው ሳንባውን ይነፋል። እንግዲህ የደከመ እግር የታመመ ሳንባን ያስጨንቃል ማለት ነው።

ልምምድ የሚሠራው በዚህ ቦታ ነው። ካሳቡሪና ባልደረቦቹ በ1991 ባሳተሙት ጥናት 19 የሲኦፒዲ ሕሙማንን ለ8 ሳምንታት አሠለጠኑ። ሁለት ቡድኖች በድምሩ ተመጣጣኝ ሥራ ሠሩ፤ አንደኛው በከፍተኛ ጫና፣ ሁለተኛው በዝቅተኛ ጫና ለረዘመ ጊዜ። ከሥልጠናው በኋላ በተመሳሳይ የሥራ መጠን የሚለካው የደም ላክቴትና የአተነፋፈስ መጠን ቀነሰ፤ ቅናሹም በከፍተኛ ጫና በሠለጠኑት ላይ ጎልቶ ታየ። በ1996 ማልቴና ባልደረቦቹ ከጭን ጡንቻ ናሙና ወስደው ባደረጉት ምርመራ ከሥልጠና በኋላ የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይሞች ሥራ መጨመሩን፣ ይህም ከላክቴት መቀነስ ጋር መያያዙን አሳዩ። ሳንባው እንዳለ ነው፤ ከሳንባው የሚጠየቀው ሥራ ግን ቀንሷል። ቀድሞ የተነሣው ጥርጣሬ መልስ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

3.2 ከሙከራዎች የተገኘው ማስረጃ

ማካርቲና ባልደረቦቹ በ2015 ለኮክሬን ያዘጋጁት ግምገማ በዕጣ የተመደቡ ቡድኖችን ያነጻጸሩ 65 ሙከራዎችንና 3,822 ተሳታፊዎችን አካትቷል። የተሐድሶ ሕክምና ያገኙት ሰዎች በ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና መደበኛ ክትትል ብቻ ካገኙት በአማካይ ወደ 44 ሜትር የሚጠጋ ብልጫ አሳይተዋል። ለሕመምተኛው ትርጉም ያለው ዝቅተኛ ለውጥ 30 ሜትር ገደማ እንደሆነ ስለሚወሰድ፣ ልዩነቱ ስታቲስቲካዊ ብቻ ሳይሆን በዕለት ኑሮ የሚታይ ነው። በሕመሙ ዙሪያ የኑሮ ጥራትን በሚለካው መጠይቅ ላይም የትንፋሽ ማጠር በ0.79፣ ድካም በ0.68 ነጥብ ተሻሽሏል፤ በዚህ መጠይቅ ትርጉም ያለው ዝቅተኛ ለውጥ 0.5 ነጥብ ነው። ማስረጃው እጅግ በመጠንከሩ ተሐድሶን ከመደበኛ ክትትል ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ተጨማሪ ሙከራ እንደማያስፈልግ ከግምገማው ጋር በወጣው ርዕሰ አንቀጽ ተገልጿል።

ሕክምናው በሆስፒታል አልጋ አጠቃቀም ላይም ተጽዕኖ አለው። ግሪፊትስና ባልደረቦቹ በ2000 በዌልስ 200 ሕሙማንን አሳትፈው ባካሄዱት ሙከራ፣ የ6 ሳምንት መርሐ ግብር የተከታተሉት በቀጣዩ ዓመት በአማካይ 10.4 ቀናት ሆስፒታል ሲተኙ፣ የንጽጽር ቡድኑ 21.0 ቀናት ተኝቷል። ሆስፒታል የገቡት ሰዎች ቁጥር በሁለቱም ቡድኖች ተቀራራቢ ነበር፤ ልዩነቱ የታየው በቆይታቸው ርዝመት ነው። ሕመሙ መባባሱ አልቀረም፤ ሲባባስ ግን የሚቋቋመው ሰውነት ጠንክሯል የሚል ትርጓሜ ሊሰጠው ይችላል።

4. ሥነ ልቦናዊ ውጤት

4.1 ፍርሃት እንዴት ወደ ሳንባ ይገባል?

ጭንቀትና ድባቴ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት ይታያሉ። ሕሙማኑ ከባድ ሕመም ስላለባቸው ማዘናቸው የሚጠበቅ ነው በሚል ጉዳዩን እንደ ተጓዳኝ ነገር የማለፍ ዝንባሌ አለ። ይህ አተያይ ግን የጭንቀትን አካላዊ ሥራ ይዘነጋል። የፈራ ሰው ፈጥኖና ጥልቀት በሌለው ሁኔታ ይተነፍሳል። ቧንቧው የጠበበ ሰው ፈጥኖ ሲተነፍስ ደግሞ፣ ምንም እንቅስቃሴ ባያደርግም፣ አየር በሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ፍርሃት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ያጠረ ትንፋሽ ፍርሃትን ያረጋግጣል። በጡንቻ በኩል ያየነው ሰንሰለትና በስሜት በኩል ያለው ሰንሰለት የሚገናኙት በአንድ ነጥብ፣ ማለትም በአተነፋፈስ ፍጥነት ላይ ነው።

ድባቴ በሌላ መንገድ ይሠራል። ከቤት የማይወጣ ሰው ከዕድር፣ ከማኅበር፣ ከለቅሶና ከሠርግ ይርቃል። ለመንቀሳቀስ የሚያነሣሣው ምክንያት ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴው ሲቀንስ ጡንቻው ይበልጥ ይደክማል። በተሐድሶ መርሐ ግብር የጀመሩትን ከሚያቋርጡት መካከል ከፍተኛ የድባቴ ምልክት ያለባቸው ሰዎች በርከት ብለው መገኘታቸውም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ይህ ለባለሙያው ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ሕክምናው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ሕክምናውን የመጨረስ ዕድሉ አነስተኛ ነውና።

4.2 ልምምድ ፍርሃትን እንዴት ያርቃል?

በተሐድሶ ክፍል ውስጥ ሕመምተኛው ትንፋሹ እስኪያጥር ድረስ ሆነ ተብሎ እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 10 በሚደርሰው የቦርግ መለኪያ ትንፋሽ ማጠሩ ከ4 እስከ 6 ባለው ደረጃ ላይ እንዲሆን ይፈለጋል። ሰውየው ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ፣ የደም ኦክስጅን ሙሌቱ እየታየ፣ የፈራው ስሜት ሲመጣ ያየዋል፤ ቆም ብሎ በተጠጋጋ ከንፈር ቀስ እያለ ሲተነፍስም ስሜቱ ሲያልፍ ያየዋል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር «ትንፋሼ ካጠረ እሞታለሁ» የሚለው እምነት «ትንፋሼ ቢያጥርም ይመለሳል» በሚለው ይተካል። በሥነ ልቦና ሕክምና የሚፈሩትን ነገር በተመጠነ ሁኔታ ደጋግሞ መጋፈጥ የሚባለው ዘዴ እዚህ ላይ ያለ ስሙ ይሠራል። ከዚህም የሚወለደው በራስ ችሎታ መተማመን ነው። በቡድን የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ሕመምተኛው በእርሱ ብቻ የደረሰ የመሰለው ነገር በሌላውም ላይ መድረሱን ያያል።

የቁጥር ማስረጃውም ይህን አቅጣጫ ይደግፋል። ከላይ በተጠቀሰው የኮክሬን ግምገማ ስሜታዊ ሁኔታ በ0.56፣ ሕመሙን የመቆጣጠር ስሜት በ0.71 ነጥብ ተሻሽሏል። ጎርደንና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት፣ 11 ሙከራዎችንና 734 ሕሙማንን ባካተተ ጥምር ትንተና ደግሞ በተመሳሳይ ሚዛን ሲለካ በጭንቀት ላይ 0.53፣ በድባቴ ላይ 0.70 የሆነ ውጤት ተገኝቷል። የመጀመሪያው መካከለኛ፣ ሁለተኛው ከፍ ያለ የሚባል ነው።

ውጤቱ ግን በሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት አይደለም። ሪስና ባልደረቦቹ በ1995 በሳን ዲዬጎ 119 ሕሙማንን አሳትፈው የ8 ሳምንት ተሐድሶን ከትምህርት ብቻ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የእንቅስቃሴ አቅምና በመራመድ ችሎታ መተማመን ተሻሽሎ የትንፋሽ ማጠር ቀንሷል፤ የድባቴ መለኪያው ግን አልተለወጠም። ልዩነቱ ምናልባት ከመነሻው በርካታ የድባቴ ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ መሻሻልን ማየት አስቸጋሪ ከመሆኑ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ፣ ልምምድ ለከባድ ድባቴ በራሱ በቂ ሕክምና ነው ወደሚል ድምዳሜ መድረስ አይገባም። የባሰ የድባቴ ምልክት ያለበት ሰው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ይኖርበታል።

5. የማስረጃው ወሰን

ሦስት ጉዳዮችን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ከመርሐ ግብሩ በኋላ ልምምዱ ካልቀጠለ የተገኘው ጥቅም ከ6 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ተሐድሶ እንደ ቀዶ ጥገና አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ እንደ መድኃኒት ሲወሰድ የሚሠራ፣ ሲቋረጥ የሚቀር ነው።

ሁለተኛው የምክንያትና የውጤት ጉዳይ ነው። ሊንደናወርና ባልደረቦቹ በ2020 በአሜሪካ በሕመም መባባስ ሆስፒታል ገብተው የነበሩ 197,376 አረጋውያንን መረጃ ሲመረምሩ፣ በ90 ቀናት ውስጥ ተሐድሶ የጀመሩት 1.5 በመቶ ብቻ መሆናቸውንና በእነዚህ ዘንድ የአንድ ዓመት ሞት ዝቅተኛ መሆኑን አግኝተዋል። ጥናቱ በዕጣ የተመደበ ስላልሆነ፣ ቀድሞውኑ የተሻለ አቅም የነበራቸው ሰዎች ወደ ተሐድሶ መሄዳቸው ለልዩነቱ አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል። ይሁንና 1.5 በመቶ የሚለው ቁጥር በራሱ የሚናገረው አለ፤ ማስረጃው በተሟላበትና ገንዘብ ባለበት አገር እንኳ ሕክምናው የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው።

ሦስተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ያልተረጋጋ የልብ ሕመም ወይም ከባድ የልብ ቧንቧ በር ጥበት ያለበት ሰው ሕመሙ ሳይታከም ልምምድ መጀመር የለበትም። በተላላፊ ደረጃ ላይ ያለ የሳንባ ነቀርሳም አስቀድሞ ሊመረመርና ሊታከም ይገባል።

6. ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

ከላይ የቀረበው ማስረጃ በአብዛኛው የመጣው ሲጋራ ካጨሱ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አረጋውያን ነው። በኢትዮጵያ የሳንባ ጉዳት ምክንያቶች የተለዩ ናቸው፤ የማብሰያ ቤት ጭስ፣ በሚገባ ያልታከመ አስምና የሳንባ ነቀርሳ ትተውት የሚያልፉት ጠባሳ ከፍተኛ ድርሻ ይይዛሉ። የነቀርሳ መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው በመዝገብ ላይ «ድኗል» ተብሎ ይጻፋል፤ ባክቴሪያው በእርግጥም ጠፍቷል። በጠባሳ የተያዘው ሳንባ ግን ከእርሱ ጋር ይኖራል፤ ከመዝገቡ ከወጣ በኋላ ለትንፋሹ ማጠር የሚጠይቀው ክፍል አይኖርም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ቅርብ የሆነ ማስረጃ ከጎረቤት አገር ይገኛል። በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ተካሂዶ በ2017 በታተመ ጥናት ከነቀርሳ በኋላ የሳንባ ጉዳት የቀረባቸው 34 ሰዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንታት በሚሰጥ ተሐድሶ ተሳትፈው 29ኙ ጨርሰዋል፤ የመራመድ አቅማቸውና የኑሮ ጥራታቸውም ተሻሽሏል። ጥናቱ የንጽጽር ቡድን ስላልነበረው የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ሆኖም በአካባቢያችን አቅም መርሐ ግብሩን ማካሄድ እንደሚቻል አሳይቷል።

የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ አይደለም። የጡንቻ ጥንካሬ ልምምድ ከወንበር በመነሣትና በመቀመጥ፣ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በማንሣት ሊሠራ ይችላል። የጽናት ልምምድ በእግር ጉዞ ይሆናል። ለፈተናው 30 ሜትር ርዝመት ያለው ኮሪደር፣ የሰዓት መቁጠሪያ፣ ወንበርና ፐልስ ኦክሲሜትር ይበቃል። መርሐ ግብሩ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ጊዜ ቢያንስ ለ8 ሳምንታት ቢሰጥ ይመከራል። ከሆስፒታል ርቀው ለሚኖሩም አማራጭ አለ። ሆላንድና ባልደረቦቹ በ2017 ባሳተሙት የሜልበርን ጥናት 166 ሕሙማን ተሳትፈዋል፤ አንድ የቤት ጉብኝትና ሳምንታዊ የስልክ ክትትል የተደረገለት የቤት ውስጥ ልምምድ በ8 ሳምንታት ማብቂያ በማዕከል ከሚሰጠው ያላነሰ ውጤት አስገኝቷል። በ12 ወራት ግን በሁለቱም ቡድኖች የተገኘው ጥቅም አልጸናም። እንዲህ ያለው ክትትል ከ2003 ጀምሮ በአገሪቱ ከተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ጋር ሊጣጣም ይችል እንደሆነ መመርመር ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ተገቢ ርዕስ ነው።

እዚህ ለሚደረግ ምርምር በተለይ ሊታሰቡ የሚገባቸው ሁለት የአለካክ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጤናማ ነዋሪዋ የኦክስጅን ሙሌት እንኳ በባሕር ጠለል ካለው ዝቅ ሊል ይችላል። ሳንባው የተጎዳ ሰው ደግሞ በእንቅስቃሴ ጊዜ ይበልጥ ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ በሌላ አገር የወጣ የሙሌት ወሰንን ወይም የመራመድ ርቀት ሚዛንን እንዳለ መውሰድ ሊያሳስት ይችላል፤ ለአካባቢው የተዘጋጀ ሚዛን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአማርኛ «ጨነቀኝ» የሚለው ቃል የአእምሮን መረበሽም የአካልን ሥቃይም ይሸከማል፤ የምጥ ሥቃይ ራሱ «ጭንቅ» ይባላል። አንድ የሳንባ ሕመምተኛ «ይጨንቀኛል» ሲል ትንፋሹን ይሁን ሐሳቡን ማለቱ በመጠይቅ ብቻ አይለይም። በኢትዮጵያ የተፈተሸው ባለ 9 ጥያቄው የድባቴ መጠይቅ ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል፤ እነዚህ የሳንባ ሕመም ምልክቶችም ናቸው። ከልምምድ በኋላ ነጥቡ ቢቀንስ የቀነሰው ድባቴ ነው ወይስ ድካም? የሆስፒታል የጭንቀትና የድባቴ መለኪያ በአብዛኛው አካላዊ ምልክቶችን ወደ ጎን ትቶ የተዘጋጀ በመሆኑና በኢትዮጵያ በሌሎች ሕሙማን ላይ ስለተፈተሸ ለዚህ ዓላማ የተሻለ መነሻ ይሆናል። ከእርሱ ጋር ስለ ትንፋሽ ማጠር ፍርሃት በቀጥታ የሚጠይቅ አጭር ቃለ መጠይቅ ቢጨመር ውጤቱን መተርጎም ይቀላል።

ከዚህ በመነሣት የሚታሰበው ጥናት ሕሙማንን በዕጣ ወዲያው ለሚጀምሩና ከ8 ሳምንታት በኋላ ለሚጀምሩ ቢመድብ፣ ማንም ሕክምናው ሳይነፈገው ንጽጽር ማድረግ ይቻላል። የእግር ጉዞ ፈተናው ሰው በልምድ ስለሚሻሻልበት ከልምምዱ በፊት ሁለት ጊዜ ሊወሰድ ይገባል። ክትትሉ ቢያንስ 12 ወራት ቢዘልቅ የጥቅሙን ዕድሜ ለማወቅ ይረዳል። ከሁሉ በላይ፣ የፍርሃት ለውጥና የዕለት እንቅስቃሴ ለውጥ በአንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ቢመዘገቡ የትኛው የትኛውን እንደሚቀድም ማየት ይቻላል። አሁን ያለው ማስረጃ ሁለቱም መሻሻላቸውን በሚገባ ቢያሳይም፣ ቅደም ተከተላቸውን ገና አላብራራም።

7. መደምደሚያ

የእንቅስቃሴ ተሐድሶ ሕክምና የተጎዳ ሳንባን አይጠግንም። የሚለውጠው በሳንባው ላይ የተጫነውን ሸክም ነው፤ ጡንቻውን አጠንክሮ የትንፋሽ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ፍርሃትን አርቆ የአተነፋፈስን ፍጥነት ያረጋጋል። ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት ወደ አንድ ቦታ ስለሆነ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ሕክምናውንም ምርምሩንም ያጎድላል። የሳንባ አሠራርን ብቻ የሚለካ ሐኪም «ለውጥ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ በዚያው ሳምንት ሕመምተኛው ለወራት የራቀበትን ጎረቤቱን በእግሩ ሄዶ ጠይቆ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለውጥ የሚያይ መለኪያ መያዝ የተመራማሪው ኃላፊነት ነው። «ተቀመጪ» የሚለውን የቤተሰብ ምክር «አብረን ቀስ ብለን እንሂድ» በሚለው መተካት ደግሞ የባለሙያውም የቤተሰቡም ድርሻ ይሆናል።